ሜዳው ወደ አዳማ ሲሄድ

ሜዳውን ከምሥራቅ ጫፍ ጀምረው እንደ ሰሌን ሲጠቀልሉት፣ ልጄ ሰይፈ በምዕራቡ መስመር ላይ ዱላውን ይዞ ቆሞ ነበር። ውረድ ቢሉት አልወርድም አለ።

ክለቡ ወደ አዳማ መዛወሩን ሁላችንም ሰምተናል። የገና ክለብ ነው። ደሞዝ ከፍሎ ገና የሚያጫውት ባካባቢው እሱ ብቻ ነበር። ተጫዋቾቹ በአውቶቡስ ሄዱ። ወንበሮቹም ተጫኑ። የቀረው ሜዳው ነው። ጠዋት ሠራተኞች መጡና ሣሩን ከጫፉ አንስተው ማንከባለል ጀመሩ። ከሥሩ አፈር ይኖራል ብዬ ነበር። አፈር የለም፤ ጉም ነው። አንዱ ሠራተኛ ድንጋይ ጣለበት። ቆመን አዳመጥን። ድምፅ የለም።

“እንዲያ ነው እንግዲህ” አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጥቅሉ በተንከባለለ ቁጥር ይወፍራል። የሰው ቁመት ካለፈ በኋላ ሠራተኞቹ መግፋት ተዉ። በራሱ ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ዳምጠው የሚባል ወጣት ነው። ጃንጥላ ዘርግቶ ዳር ላይ ቆሟል።

“ልጄ እዚያ አለ” አልኩት።

“አይቼዋለሁ አባቴ።”

“አስቁምልኝ።”

“አይቆምም። ሜዳ ሲዛወር ላዩ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይዛወራል። ካልፈለገ ይውረዳ፤ ማን ያዘው?”

“ተጠቅልሎ ምን ይሆናል?”

“እሱ ሲዘረጋ ነው የሚታየው።” ጃንጥላውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። “ከዚህ በፊት ያዛወርነው ሜዳ ላይ በሬ ነበረ።”

“ምን ሆነ?”

“ጠፍጣፋ ሆነ። ይግጣል ግን።”

ሰይፈ የማይወርደው በጥጋብ አይደለም። ከቆላዎቹ ጋር የገጠሙት የመጨረሻው ጨዋታ አላለቀም። መሀል ላይ ሳሉ ጉም ወርዶ ሩሯ ጠፋች። ሩሯ ከዛፍ ሥር የተጠረበች ድቡልቡል እንጨት ናት፤ ኳሳችን እሷ ናት። ሌላ ቦታ ጨዋታ የሚያልቀው ፊሽካ ሲነፋ ነው። እኛ ጋ ሩሯ መስመር ስታልፍ ነው። እስክታልፍ ድረስ መስመር ጠባቂ ከመስመሩ አይነቃነቅም። ትቶ የወረደ ሰው ዳግመኛ ዱላ የሚያቀብለው የለም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ከሱ ጎን አይቀመጡም። ስለዚህ ሰይፈ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ነው። ምሳውን እናቱ ትወስድለታለች።

እናቱ ትርንጎ ዳር ዳሩን እየሮጠች ትጣራለች።

“ሰይፌ! የኔ ልጅ! ውረድልኝ!”

“ሩሯ ትገኝና እወርዳለሁ እማዬ!”

“በምን ዓይንህ ታገኛታለህ? መጣብህ እኮ!”

ወደኔ ዞረች። “አንተ ሰውዬ፣ አፍ የለህም? አባት አይደለህ? ተናገረው እንጂ!”

“ምን ልበለው?” አልኳት።

ልጁ ትክክል ነበር። እኔን ያስፈራኝ ትክክል መሆኑ ነው።

ጥቅሉ ግማሽ ሜዳ ሲደርስ ሣሩ ከፊቱ ተጨማደደ። ከጭምዳዱ ውስጥ ሩሯ ፈልቅቃ ወጣች። ትንሽ ተንከባለለችና ቆመች። ዳር የቆመው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ትርንጎ እልል አለች፤ ከዚያ እልልታዋን አቋረጠችው። ገብቷታል። ሰይፈ ሩሯን ማሳለፍ ያለበት በምሥራቁ መስመር ነው። የምሥራቁ መስመር ደግሞ ተጠቅልሏል። የቀረው እሱ የሚጠብቀው ብቻ ነው፤ በዚያ የሚያሳልፍበት የቆላ ሰው ያስፈልጋል። ቆላዎቹ አገራቸው ገብተዋል።

እኔ የተወለድኩት ቆላ ነው። ወደዚህ የወጣሁት ለትርንጎ ብዬ ነው። እዚሁ ሳረጅ ሰው ረሳው፤ እኔም ረሳሁት።

ጋቢዬን አውልቄ ለትርንጎ ሰጠኋት። ምርኩዜ ጫፉ ቆልማማ ነው፤ ይመታል።

“ወዴት ነው?” አለችኝ።

“ልጫወት።”

ዳምጠው አፉን ከፈተ። “አባቴ፣ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ...”

“ነግረኸኛል” ብዬ ገባሁ።

ሰይፈ ሲያየኝ ዱላውን አስተካከለ። “ለማን ነው?”

“ለቆላ።”

ሳቀ። የገና ሜዳ ላይ ልጅ አባቱን፣ ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ ቅያሜ የለም። ልማዳችን ነው።

“ና በላ አንተ ሽማግሌ! ጉልበትህን ቤት ረስተኸው መጣህ እንዴ? የቆላ ሰው መቼ ሩርና ሎሚ ለይቶ ያውቃል!”

“በአፍህ እናትህን ወጣህ” አልኩት።

“ሰምቼሃለሁ!” አለች ትርንጎ ከዳር።

መታሁ። በቅልጥሙ አቆማትና መልሶ ላካት። አልፋኝ ሄዳ ከጥቅሉ ጋር ተላተመች፤ ተመልሳ እግሬ ሥር ቆመች። ደግሜ መታሁ። ደግሞ አቆማት። አልራራልኝም፤ አይራራልኝምም። አውቆ ቢያሳልፋት አትቆጠርም፣ መውረድም አይችልም።

ጥቅሉ ከኋላዬ ደረሰ። እርጥብ ሣር ይሸታል። በኔና በሰይፈ መካከል የቀረው ሜዳ አውድማ አከለ። ቀጥሎ ጎጆ አከለ።

“ቶሎ በል!” አለኝ። አሁን አይስቅም። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። “ቶሎ በል አልኩህ!”

ትርንጎ ጮኸች። አውቃ ነው አልልም። ሰይፈ ቀና ብሎ አያት። መታሁ።

ሩሯ በእግሩ መሀል አልፋ መስመሩን ተሻገረች።

“አለፈች” አለ።

“አለፈች። ውረድ።”

ወረደ። ትርንጎ ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው፤ አዝራሩ ተበጠሰ። እኔም ልወርድ እግሬን ሳነሳ ተረከዜ በጥቅሉ ተይዟል። አያምም። እርጥብ ጋቢ የመልበስ ያህል ነው። አንድ ጊዜ ዞርኩ፣ ሁለተኛ ዞርኩ፣ ከዚያ ቆመ። ሩሯ ካለፈች በኋላ መስመሩም አብሮ ተጠቅልሏል።

ውስጡ ጨለማ ነው። ከወደ ራሴ በኩል ብቻ ክብ ብርሃን አለ። በገመድ ሲያስሩን ሰማሁ። ጭነት መኪና ላይ ሲያወጡን ሰማሁ። “ይበርደዋል” አለች ትርንጎ፤ ጋቢዬን በቀዳዳው አሾለከችልኝ። ዳምጠው ጃንጥላውን አጥፎ ከሾፌሩ ጎን ገባ።

በቀዳዳው አየኋቸው። ጉሙ ሜዳው ካለቀበት አልቆመም። ዳር ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ ከእግሩ ሥር መሬት የለውም። ቆመዋል ግን። ትርንጎ ነጠላዋን ታስተካክላለች። አንዱ ሰውዬ አክታውን ተፋ፤ ወደታች ሲሄድ በዓይኑ ተከተለው።

ሞተሩ ተነሣ። ሰይፈ በጉሙ ላይ እየተራመደ መጣና ፊቱን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ። ባርኔጣውን አወለቀ።

“አባባ” አለኝ፣ “እዚያ ሲዘረጉዎት ለማን ነው የሚጫወቱት?”