ያልተሰለፈ ውሃ

መቁጠሪያው ገና ግማሽ ሳይደርስ ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ጸሎቱን የሚመሩት ዶኛ ትሪኒ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ መዶሻው ግን አላፈረም። በመዳብ ቀጥቃጮቹ ከተማ በሳንታ ክላራ ሬሳ በወጣበት ቤት፣ ወለሉ ላይ በኖራ የተሳለው መስቀል በዘጠነኛው ቀን እስኪነሳ ድረስ መዳብ አይቀጠቀጥም።

ሌኦካዲያ ማን እንደሆነ ለማወቅ መነሳት አላስፈለጋትም። እኩል፣ የማይቸኩል፣ እንደ ሰዓት የሚሄድ፤ የዋርሳዋ የኢላሪዮ መዶሻ ነው። የባሏ የክሪሶፎሮ እንዲህ አልነበረም። ሁለቴ ይመታና ያርፋል፣ ከዚያ ደግሞ ይጣደፋል።

"ኢላሪዮ ነው?" አለች ከኋላዋ ካሉት ሴቶች አንዷ በሹክሹክታ።

"ማን ሊሆን? ሟቹ ቢሆንማ ምቱን ይስት ነበር።"

አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሌኦካዲያ አልተቀየመችም። ለመቀየምም ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ሰሞኑን ቀረፋ የገባበት ቡና ስታፈላ፣ ዳቦ ስትቆርስ፣ "እግዜር ያጽናሽ" ላላት ሁሉ አሜን ስትል ከርማለች።

ክሪሶፎሮ ሲሞት ያልጨረሰው ጎድጓዳ ሳህን ጓሮ፣ በሚቀጠቅጥበት መስፍ ላይ ቀርቷል። የቀጥቃጭ የመጨረሻ ሥራው ከመስቀሉ አጠገብ ይቀመጣልና፣ ነገ በዘጠነኛው ቀን፣ ማንም ሳይነካው እንዳለ ልታስቀምጠው ወስናለች። ለማንም ግን አልነገረችም።

እሁድ እሁድ ዚራዌን ሐይቅ ዳር ይወስዳት ነበር። ዓሣ አያጠምድ፣ አይዋኝ፤ ውሃውን እያየ ጉልበቱን በጣቱ ይመታል።

"ሰው ከሐይቅ ዓሣ ይዞ ይገባል፤ አንተ ጉንፋን፣" ትለዋለች።

"ዝም በይና እዪው። ነፋሱ በዚያ በጥዱ በኩል ሲመጣ እንዴት እንደሚሸበሸብ።"

"ታዲያ ሳህኑን እንደ ሰው በረድፍ በረድፍ ብትመታው ምን አለ? ገዢ የሚወደው እሱን ነው።"

"ውሃ መቼ ተሰልፎ ያውቃል?"

ገዢ ግን ሰልፍ ይወድ ነበር። ስለዚህ ክሪሶፎሮ የሠራውን ለገበያ ቀን ኢላሪዮ ያስተካክለዋል፤ ክሪሶፎሮ ፊቱን አዙሮ ያጨሳል። ቤቱ የኖረው እንዲህ ነው። ሳይስተካከል ከዚያ ጓሮ የወጣ አንድ ዕቃ እንኳ ሌኦካዲያ አታስታውስም።

ጸሎቱ እንዳበቃ ሴቶቹን ለቡናው ትታ ወደ ጓሮ ሄደች። ኢላሪዮ እንቅልፍ ባጣ ዓይን ቀና ብሎ አያት።

"እትዬ፣ ድምፁ ረበሻችሁ እንዴ? ይቅር በይኝ። ነገ እኮ ሰው ሁሉ ያየዋል። እንዲህ ተንጋዶ ቢያገኙት ይስቁበታል ብዬ ነው።"

ሳህኑን አየችው። በክሪሶፎሮ ምት የተሸበሸበው ሐይቅ የለም። ምቶቹ እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድረዋል። ጫፉ ላይ እጅ የሚያህል ቦታ ብቻ ቀርታለች፤ እዚያች ላይ ነፋሱ አሁንም በጥዱ በኩል ይመጣል።

"ምነው? አላማረም?"

"አምሯል።"

"ሁልጊዜ የማደርግለትን ነው ያደረግሁት።" መዶሻውን አስቀመጠ። "ሌላ ምን ላድርግለት?"

ቁጣዋን ፈልጋ አጣችው። ይህ ሰው ወንድሙን የሚወድበት ሌላ መንገድ አያውቅም፤ ሟቹም አላስተማረው፣ እሷም አልነገረችው።

"ትንሽ ናት የቀረችው፣" አለ መዶሻውን እያነሳ። "ቡናው ሳይቀዘቅዝ እጨርሳታለሁ።"

ሌኦካዲያ በቀረችው ቦታ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

"እትዬ፣ አሁን ከእሳት የወጣ ነው። ያቃጥልሻል።"

"ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም፣" አለችው።

ሴቶቹ ከቤት ሲጠሯትም እጇን አላነሳችም።