የማን ልጅ ነሽ?

ወላድ በድባብ ትሂድ ይባላል። ሜርቴል ግን ወላድነቷን እንደ ስርቆት ዕቃ ደብቃ ነው ቶሮንቶ የኖረችው። ከባርቤዶስ ለቤት ሠራተኝነት ስትመጣ ካናዳዎቹ የሚፈልጉት ያላገባች፣ ያልወለደች ሴት ነበር። ልጅ አለሽ ወይ ሲሏት የለኝም አለች። የሁለት ዓመት ልጇን ኤስሪንን ለእናቷ ለእማማ ኦሪየል ትታ መጣች። ምን ታድርግ? እውነቱን ብትናገር ማን ሊያስገባት!

ስምንት ዓመት አለፈ። አሁን ኤስሪን “የእህቴ ልጅ” ተብላ መጥታለች፤ ሜርቴልም እንቅልፍ አጥታለች። ባለፈው የበረዶ ወራት ሲቢል የምትባል ያገሯ ልጅ፣ እንደሷው ልጅ ደብቃ ኖራ፣ ተነቃባትና ከነልጇ ወደመጣችበት መለሷት። ማን እንደጠቆመባት አልታወቀም። ሰው ሁሉ ግን የሚጠረጥረው እትዬ ኢያንቴን ነው።

እትዬ ኢያንቴ የቤተ ክርስቲያናቸው አንጋፋ ናቸው። ክፉ እንኳ አይደሉም፤ አፋቸው መዝጊያ የለውም እንጂ። እሑድ የሰሙትን ሰኞ ከተማው ይሰማዋል። ደግሞ ያገራቸው ሽማግሌ ልጅ ባየ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ የማን ልጅ ነሽ? ይህን ተጠይቆ የሚያቅማማ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ነው። ኤስሪን ደግሞ የእማማ ኦሪየል እጅ ያሳደጋት ናት፤ ለታላቅ ዋሽታ አታውቅም።

እሑድ ጠዋት ሜርቴል ልጅቷን በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ ፀጉሯን እየሠራች አስጠናቻት። ከጠየቁሽ የዶርና ልጅ ነኝ፣ ሜርቴል አክስቴ፣ የእናቴ እህት ናት በይ አለቻት። ኤስሪን ግን፣ “ውሸት ነው እኮ” አለች።

“እውነቱን ከተናገርሽ ጠራርገው ነው የሚመልሱን። ገባሽ?”

ይህን ስትል ለካ ፀጉሯን ጨምድዳ ይዛዋለች። ራሷን ጠላች። ከቤተ ክርስቲያን እንዳይቀሩ ደግሞ፣ ከቀሩ እትዬ ኢያንቴ ታማችሁ ነው ወይ ብለው ሾርባ ይዘው ቤት ድረስ ይመጣሉ።

ስብከቱ አልቆ ምእመኑ ምድር ቤት ወርዶ የኮኮናት ዳቦ ሲቆርስ፣ እትዬ ኢያንቴ ሰው እየገፉ ወደነሱ መጡ። ሜርቴል ልጅቷን ይዛ ልትወጣ ስትል ሰሃን የተሸከመ ሰውዬ በሩን ዘጋባት።

አሮጊቷ የኤስሪንን አገጭ ቀና አደረጉ። አዩዋት፤ ሜርቴልን አዩ፤ ተመልሰው ልጅቷን አዩ።

“ይሄን ግንባር አውቀዋለሁ። የማን ልጅ ነሽ አንቺ?”

አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ፣ አለች ሜርቴል በሆዷ። ሲቢል ሻንጣዋን እየጎተተች ስትወጣ ታየቻት።

ኤስሪን እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመች።

“የእማማ ኦሪየል ልጅ ነኝ፣ እትዬ። የሴንት ፊሊፕ ሰፈሯ።”

እትዬ ኢያንቴ ሳቁ። ለካ የኦሪየል ግንባር ነው! ኦሪየልማ የልጅ ልጁን ሁሉ ልጄ እንዳሉ ናቸው፤ ጨዋ አድርገው አሳድገውሻል ብለው ትልቁን ቁራሽ ዳቦ አስያዟትና ሄዱ።

ሜርቴል ትንፋሿ የተመለሰው መንገድ ላይ፣ በረዶው ፊቷን ሲመታት ነው። እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ጎበዝ፣ የኔ ልጅ፣ እንዴት አድርገሽ ዋሸሽልኝ አለቻት።

“አልዋሸሁም” አለች ኤስሪን። “የእማማ ልጅ ነኝ።”

ጥቂት እንደሄዱ ልጅቷ ቆመች፤ ዳቦውን ሳትቀምሰው በሁለት እጇ እንደያዘችው ነው።

“ያንቺ ልጅ ነኝ ብላቸው ኖሮ ግን፣ እውነት ወደ እማማ ይመልሱኝ ነበር?”

ሜርቴል ያስፈራራችበት ነገር ለካ ለኤስሪን ተስፋ ነው። ልጅቷ አንጋጣ መልሷን ትጠብቃለች። እሑድ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል፤ እትዬ ኢያንቴም የትም አይሄዱም።