ከዳር የተቀመጡት መምህርት

መምህርቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች አንትሮፖሎጂን ሲያስተዋውቁ ኖረዋል። ትምህርቱ ሰውን ማጥናት ነው፤ ሰው ግን በአንድ በኩል ታይቶ ስለማያልቅ አራት ቅርንጫፍ አለው ይሉ ነበር። አንዱ የሰውን አካልና አጥንት ይመረምራል፤ አንዱ መሬት ቆፍሮ ሰው ጥሎት ያለፈውን ዕቃ ይለቅማል፤ አንዱ አነጋገሩን ያዳምጣል። አራተኛው፣ የሳቸው የባህሉ ዘርፍ፣ ሰዎች መሃል ገብቶ አብሮ ይኖራል። ለዚህኛው ሕግ ነበራቸው፦ ያስቀመጡህ ቦታ ተቀመጥ፣ የሰጡህን ብላ፣ ካልጠየቁህ ምንም አትበል። ተማሪዎቹ በሌሉበት «እመት ዝም በል» ይሏቸው ነበር።

ከዚያ ጡረታ ወጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸው፣ ለግድግዳው ደህና እደር እስከማለት ደርሰው ነበር። ሴት ልጃቸው ደውላ እስቲ መጥተሽ ሰንበት በይ ስትላቸው ልባቸው ዘለለ። ቤቷ ትርፍ ክፍል እንዳለው ያውቃሉ። እዚሁ ቅሪ እንድትላቸው ፈለጉ፤ ሌላ ምንም አልፈለጉም። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ታዲያ ምን አደረጉ? የሚያውቁትን ነዋ። ልጃቸው ቤት እንደደረሱ፣ ባዕድ አገር እንደገባ አጥኚ የሳሎኑን የዳር ወንበር ያዙ። ሳህን ለማንሳት የቃጣ እጃቸውን መለሱት፤ የሰው ቤት ሥርዓት አይነካም። ዓይናቸው ግን ሥራ አልፈታም። የልጅ ልጃቸው ትንሽ ጣት እንደ ሟች ባላቸው ጣት ጎበጥ ማለቷን አዩ። በሶፋው ትራስ ሥር ከላይ የትናንት ብስኩት፣ ከሱ በታች የአምና እርሳስ፣ ከሁሉ በታች የጡጦ ክዳን ተደራርቦ አገኙና እንደነበረ ሸፈኑት። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እዚህ ቤት «ጉጉ» እንደሚባልም ለመዱ፤ አንድም ቀን ግን ጉጉን አቀብዪኝ አላሉም። ሾርባው ጨው ሲያንሰው እሰይ ብለው ጠጡ። ልጃቸው ጧት ማታ ተመቸሽ ወይ ትላለች፤ እሳቸውም በጣም ይላሉ። አልተመቻቸውም ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እንደዚያ ብቻቸውን ሆነው አያውቁም።

አንድ ቀን ከሰዓት የልጃቸው ባል እናት መጡ። ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ድስቱን ከፍተው ቀመሱ፤ ይሄ ሾርባ ነው ወይስ የሳህን እጣቢ ብለው ምራታቸውን ወረዱባት፤ ወንድ ልጃቸውን ስለ ሸሚዙ ተቆጡት፤ ሶፋውን እየገፉ ወደ መስኮቱ አዞሩት። መምህርቷ ከዳር ሆነው ተሳቀቁላቸው። ይቺን ሴትዮ ማን ያስጠጋታል ብለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሆዳቸው ትንሽ ደስም አላቸው። ልጃቸው ጓዳ ሆና እየሳቀች ነበር። መሳቋን አዩ፤ ለምን እንደምትስቅ ግን አልገባቸውም።

የመሄጃቸው ቀን ደረሰና ልጅቷ መናኸሪያ ሸኘቻቸው። ሻንጣውን አስጭና ስታበቃ፣ ትርፉን ክፍል ለአማቷ እንደሰጠች፣ በሚመጣው ሳምንት ጓዛቸውን ጠቅልለው እንደሚገቡ ነገረቻቸው።

«እኔስ አንቺ እንድትሆኚ ነበር የፈለግሁት» አለች መሬት መሬት እያየች። «ግን እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣሽኝም። ስትቀመጪ ልትነሺ ነው የምትመስዪው። ቤቴ አልተመቻትም ብዬ ተውኩት።»

መምህርቷም እንድትጠይቃቸው ሲጠብቁ መክረማቸውን ነገሯት። ልጅቷም ራሷ ስትጠብቅ እንደነበር፣ እሳቸው አንዴ እቀራለሁ ቢሉ ኖሮ እንደሚበቃት መለሰች።

ያኔ መምህርቷ ውስጣቸው ነደደ። መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ጮኹባት።

«አፍ የለሽም ታዲያ? እናትሽ አይደለሁም? ምን ያስፈራሻል!»

ልጅቷ እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ አንገታቸው ላይም ተጠመጠመች። ክፍሉ ግን ተሰጥቷል። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ መምህርቷም ተሳፈሩ።