ተራዬ ሰባት ነው

ልጄ ወደ ፀጉር ቤቴ ሲገባ የአንድ ደንበኛዬን ማጅራት በምላጭ እያስተካከልኩ ነበር። ሰላም ሳይል ተቀምጦ በመስታወቱ ውስጥ ሲያፈጥብኝ ነገር ይዞ እንደመጣ ገባኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰው ማዘዝ ስለሚወድ ቤት ውስጥ «አለቃ» ነው የምንለው። አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስሙም አልለቀቀው፣ አመሉም አልለቀቀው።

ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቀ።

«የጂሙ ዘበኛ አባትህን ካየኋቸው ሁለት ወር ሆነኝ አለኝ።»

«ዘበኛው ዓይኑ ደካማ ነው።»

«አባዬ።»

ማበጠሪያዎቹን መደርደር ጀመርኩ። ተደርድረው ነበር፤ አፈረስኳቸውና እንደገና ደረደርኳቸው። ከታመምኩ ወዲህ እጄ ሥራ ሲፈታ ወደ አንገቴ ሄዶ የልቤን ምት ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራ አላስፈታውም።

አምና አንዱ የልቤ የደም ሥር ተዘግቶ ሆስፒታል ከርሜ ወጣሁ። ሐኪሙ «ተኝተው እንዳይውሉ፣ ይንቀሳቀሱ» አለኝ። አለቃ ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። እሱ ራሱ የሚሄድበት ጂም አስመዘገበኝ፣ ቱታና ጫማ ገዛልኝ፣ በየማለዳው በር እያንኳኳ ይዞኝ ይሄድ ጀመር። ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «አባቴን ከአልጋ ያነሳሁት እኔ ነኝ» ሲል ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ነው። እሱ ባይጎተጉተኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ፍራሽ አሞቅ ነበር።

ጂሙ ምን ይወጣለታል፤ ንጹሕ ነው፣ ማሽኑ ያብረቀርቃል። ሰው ግን አይነጋገርም። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያወራኝ የኖርኩ ነኝ። እዚያ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ፣ መስታወት ፊት ቆሞ፣ የገዛ ክንዱን ያያል። ደህና አደራችሁ ስል የሚመልስልኝ ያ ዓይነ ደካማ ያልኩት ዘበኛ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከመሮጫው ማሽን ስወርድ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጣራ ብል ድምፄ አልወጣ አለ። አንድ ጎረምሳ እግሬን ተሻግሮ ብረቱን አንስቶ ሄደ። አለቃ ከእኔ አምስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ መስታወቱን እያየ ብረት ያነሳል። ሰውን በመስታወት ማነጋገር እንጀራዬ ነውና ዓይኑን ልያዘው ሞከርኩ። ዓይኑ ክንዱ ላይ ነበር። ከንፈሩ ይቆጥራል፤ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። እዚሁ ልጄ አጠገብ ልሞት ነው፣ የሚያየኝም ቆጥሮ ሲጨርስ ነው ብዬ አሰብኩ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ክኒኔን ምላሴ ሥር አድርጌ እስኪለቀኝ ጠበቅሁ። አለቃ ጨርሶ ሲዞር «አረፍክ እንዴ?» አለኝ። «ትንሽ» አልኩት። ምን ልበለው? አባቴን አዳንኩ ብሎ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ልጅ ነው፤ ብነግረው ዕድሜ ልኩን ሲበላው ይኖራል። በማግስቱ «አንተ ሥራ ይረፍድብሃል፣ ማታ ማታ ሂድ፤ እኔ ከእንግዲህ ጠዋት ብቻዬን እሄዳለሁ» ብዬ አሰናበትኩትና እግሬን ወደ ሌላ ቦታ አዞርኩ።

«ታዲያ በየጠዋቱ የት ነው የምትሄደው?» አለኝ አሁን በመስታወቱ ውስጥ። «እማዬ ሌላ ነገር መጠርጠር ጀምራለች።»

«በዚህ ልቤ?»

«ሽቶ ተቀብቶ ነው የሚወጣው አለች።»

«ከሰው መሃል ስለምቆም ነው። የቡድን ስፖርት እሠራለሁ፣ የቤት ዕቃ መሸጫው ፎቅ ላይ።»

«የአሮጊቶቹ?»

«ወንዶችም አለን። ሁለት።»

«አባዬ፣ እጅ ማወዛወዝ እኮ ስፖርት አይደለም። ከነገ ጀምሮ ወደ ጂም እንመለሳለን፣ እኔው ራሴ እወስድሃለሁ።»

«መጀመሪያ ነገ አንተ እኔ ጋ ና። አይተህ ካልወደድከው እመለሳለሁ።»

ከአፌ አመለጠኝ። እሱ እሺ ብሎ ሲወጣ ያ ወለልና ያ ግድግዳ ትዝ አሉኝ፤ እጄም ሳላዘው አንገቴ ላይ ወጣ። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አቃተኝ። አንዱን ደንበኛ ሁለቴ አጠብኩት።

አዳራሹ ከሥሩ ባለው ሱቅ የተነሳ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። መጀመሪያ ይዛኝ የሄደችው ከፀጉር ቤቴ ጎን ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። የምታሠራን አጭር ሴት የትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት የነበረች ናት፤ ሁላችንም ቲቸር እንላታለን። ቲቸር አትቆጥርም። እንቅስቃሴውን የምንቆጥረው እኛው ነን፣ በየተራ። አንዷ አንድ ትላለች፣ ከጎኗ ያለችው ሁለት፣ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ሰው ይዞራል። ልብስ ሰፊዋ ስድስት ናት፣ እኔ ሰባት። ይህን ያመጣችው ለጨዋታ አይደለም። ቁጥሩን መናገር ያቃተው ሰው ትንፋሽ አጥሮታል ማለት ስለሆነ ድምፅ ከጎደለ ሁሉም ይቆማል። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ብቀር፣ ገና ረፋድ ላይ ሦስት ሰው ፀጉር ቤቴ መጥቶ «ሰባት የት ጠፋ?» አለኝ። ጂም በቀረሁበት ሁለት ወር ግን የጠየቀኝ የለም።

አለቃ ጆሮው ላይ ማዳመጫውን ሰክቶ ገባ። ከጎኔ አቆምነው፤ ስምንት ሆነ። ስምንት የነበረው ጡረተኛ ፖስተኛ «ይኸው ከሥልጣን ወረድኩ» እያለ ወደ ዘጠኝ ተገፋ።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ የምንሰማው እርስ በርስ ነው» አለችው ቲቸር ጆሮውን እያሳየችው።

አንዱን አወጣ። አንዱን ተወው።

ጀመርን። ልጄ እያየኝ ነው ብዬ እጄን ከሁሉም አስበልጬ ሰቀልኩ፣ ጉልበቴንም ከሁሉም አስበልጬ አነሳሁ። ቀስ በል የሚል ልብ አጣሁ። በአምስተኛው ዙር ልብስ ሰፊዋ «ስድስት» አለች። አፌን ከፈትኩ፤ አየር የለም።

ሁሉም ቀጥ አለ። የሁሉም እጅ እንደተሰቀለ ቀረ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ፣ «ስምንት» አለ። አለቃ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ክንዴን ይዛኛለች፣ ፖስተኛው ወንበር አምጥቷል፣ ቲቸር እጄን ይዛ ምቱን ትቆጥራለች። አለቃ ከሁሉም በኋላ ዞሮ አየኝ። ከጆሮው የቀረውን ነቅሎ ፊቴ ተንበረከከ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ትንፋሽ ነው። ይመለሳል።»

«ጋሼ ለልጃቸው ሲያሳዩ ነው» አለች ቲቸር። ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ጂምም እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?»

«አንዴ። ቀላል ነበር።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«አንተ ያን ቀን አልመጣህም።»

«አባዬ፣ አንተ ያለ እኔ አንድም ቀን ጂም ሄደህ አታውቅም።»

ፊቴን የማዞርበት ፈለግሁ። አዳራሹ መስታወት የለውም፤ ፊት ለፊት መተያየት ግድ ሆነብን።

«ወለሉ ላይ ተቀምጠህ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «‹አረፍክ እንዴ?› ነው ያልኩህ።»

«ትንሽ ነው ያረፍኩት» አልኩት፤ እጄን ጭንቅላቱ ላይ አደረግሁ። ፀጉሩ አድጓል፤ መቆረጥ አለበት።

ቲቸር ምቱን ቆጥራ ጨረሰች። «ደህና ናቸው፤ ተቀምጠው ይቆጥራሉ። ከየት እንቀጥል?»

«ከሰባት» አለ አለቃ ዓይኑን ሳይነቅልብኝ። «ትንፋሹ እስኪመለስ እንጠብቀዋለን።»

ጠበቁኝ። ማንም ሰዓቱን አላየም። ሲመለስልኝ «ሰባት» አልኩ።

ተራው የአለቃ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ግን አልወጣ አለው። እሱንም ጠበቅነው።