ከርከሮና አውራ ድመት

ሎሬታና ዋርሳዋ ሮይስ፣ ዴንዚል ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ዴንዚል ለእሷ ባሏ፣ ለሮይስ ታላቅ ወንድሙ ነው። ሲሞት ወርክሾፑን ለሁለቱ እኩል አውርሷቸው ሄደ። ደግ ያደረገ መስሎት ሁለት ኮርማ በአንድ በረት አጎረ።

ወርክሾፑ ቱሳን ከተማ ደቡብ ጫፍ ላይ፣ ጄቶቹ ከጦር ሰፈሩ ሲነሱ ጣሪያው በሚንቀጠቀጥበት ቦታ ነው ያለው። የሚሠራበት የጦር አውሮፕላን ሞዴል ነው። ልጅ የሚጫወትበት ዓይነት አይደለም፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ፣ ጎማው የሚታጠፍ፣ የአብራሪው ክፍል የሚከፈት፣ ጡረተኞች ሳሎናቸው ውስጥ ገትረው ሚስቶቻቸውን የሚያስመርሩበት ነው። የአንዱ አውሮፕላን ፎርማ ተቀርጾ እስኪያልቅ ዓመት ይበላል። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ብቻ ይመረጣል። ምርጫው ከሳተ ዓመቱ ባዶውን ቀረ ማለት ነው።

የዚያ ዓመት ጠብ የተነሳውም በምርጫው ነው። ሮይስ የፈለገው ኤፍ-14ን ነበር፤ ክንፉን የሚዘረጋና የሚሰበስበውን የባሕር ኃይል ተዋጊ፣ አብራሪዎቹ «አውራ ድመት» የሚሉትን። ሎሬታ ደግሞ ኤ-10 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ኤ-10 ቀርፋፋ ነው፣ መልኩም አያምርም፤ ከአፍንጫው ሥር ባለ ሰባት አፈሙዝ መድፍ ብቅ ይላል። ስሙም እንደ መልኩ «ከርከሮ» ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሎሬታ ቡሪቶዋን እየገመጠች ወርክሾፑ ስትገባ፣ የሞዴል ሰብሳቢዎች ማኅበር አባላት ወንበር ዘርግተው ቤቱን ሞልተውታል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች።

«ምክር ነው» አለ ሮይስ ከወንበሩ ሳይነሳ። «የሚገዙት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ይምረጡ።»

«ለኔ መንገር አፍህን ያደክመዋል?»

«ብነግርሽማ በሩን ትቆልፊው ነበር።»

ሰዎቹ ሳቁ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጁን አወጣና «ለምን ቢ-52 አይሠራም?» አለ።

«በየትኛው በር ልታስገባው ነው?» አለው አጠገቡ የተቀመጠው። «ክንፉ ብቻ ሦስት ሜትር ይሆናል'ኮ። እሱ ከገባ ሚስትህ ትወጣለች።»

«እሰየው ነዋ!»

ሳቁ በረድ ሲል ሮይስ ተነሳ። «ሰው በልጅነቱ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ነው ሲያረጅ የሚገዛው። እዚህ ካላችሁት ውስጥ የአውራ ድመትን ፎቶ ሳይለጥፍ ያደገ ማነው? ከርከሮን የለጠፈስ አለ?»

«ቆንጆ ነገርማ ሁሉም አይቶ ያልፈዋል» አለች ሎሬታ። «ሰው ቤቱ የሚያስገባው የራሱን ታሪክ ነው። ከርከሮ በላዩ አልፎ ነፍሱን ያተረፈለት እግረኛ ወታደር ስንት አለ?»

«እግረኛ ወታደር ለሞዴል የሚሆን ሳሎን የለውም!» አለ ሮይስ። ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ሮይስ ሳቁን አይቶ ልቡ አበጠ፤ ጨመረበት። «ስሚ ሎሬታ፣ ዴንዚል የወርክሾፑን ግማሽ ትቶልሻል። የጭንቅላቱን ግማሽ ግን አልተወልሽም።»

«ያንተንማ ገና ከናታችሁ ሆድ ሲወጣ ጠራርጎ ነው የወሰደብህ።»

አሁን የሳቀ የለም። ድምፅ ሲሰጥ ከዚያ ከቢ-52 ሽማግሌ በቀር ሁሉም እጁን ለአውራ ድመት አወጣ። ሎሬታ ግን ግማሹ የኔ ነው፣ አልስማማም ብላ ድርቅ አለች። ሳምንት ሙሉ ሲሰዳደቡ ከርመው በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ። ቀለም ቀቢያቸው ኢግናሲዮ ከሁለቱም አንዳንድ ናሙና ያዘጋጃል፤ ናሙናዎቹ በጸደዩ የአየር ትርኢት ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ፍርዱን ሕዝቡ ይሰጣል።

የትርኢቱ ቀን አስፋልቱ ገና በጠዋት ይፋጅ ነበር። ሮይስ እንደ አብራሪ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ከድመቱ ሥር መብራት አብርቶ ቆመ። ሎሬታ ደግሞ ከከርከሮዋ ፊት በትልልቁ «የእግረኛው መልአክ» የሚል ሰሌዳ አቆመች። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ የተኮለኮለው ሮይስ ጋ ነበር። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ ግን ሎሬታ አንድ ነገር አስተዋለች። ሮይስ ጋ የሚቆመው ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ እሷ ጋ የሚቆመው ግን አይሄድም። ጸጉሯን ያሳጠረች አንዲት የቀድሞ የጦር ሜዳ ሐኪም ክንፉን ዳሰሰችና በጉሮሮዋ የመድፉን «ብርርርት» የሚል ድምፅ አሰማች።

«ይሄን ስሰማ ነው ቤቴ እንደምመለስ ያወቅኩት» አለች። «መቼ ነው የሚወጣው?»

ሎሬታ ሴትዮዋን ሸኝታ ወደ ሮይስ ዞረች። «እህሳ! ድመትህ ፎቶ መነሳት ብቻ ነው ሥራዋ ወይስ ገዢም አገኘች?»

የሮይስ ፊት ጠቆረ። ጀርባውን ሰጥቷት ከአንድ ሰው ጋር ወሬ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ነው ኦሪን የመጣው። ስሙን የሰማችው ቆይታ ነው፤ ያኔ ያየችው ትከሻው የሰፋ፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነው። ሰሌዳውን ደጋግሞ አነበበው።

«መልአክ» አለ።

«አዎ ጌታዬ። መድፉ ይሽከረከራል፤ ይንኩት።»

ሰውዬው አልነካውም። «ወንድሜ ኬኒ የበረሃው ጦርነት ላይ ነበር፤ ብረት ለበስ ውስጥ። የመታቸው ይሄ ነው። የገዛ ወገናቸው። ከላይ ሲያዩዋቸው ጠላት መስለዋቸው።»

ሎሬታ ቀና ስትል በሰውዬው ትከሻ በኩል ሮይስ ወደ እነሱ እያየ ነበር። ለወራት የከረመው ንዴቷ ዓይኗን ጋረደው። ድል በእጇ ሊገባ ሲል ሮይስ ተንኮል የሠራባት መሰላት።

«እሱ ነው የላከህ?» አለች። አክብሮቱም ከአፏ ጠፋ።

«ማን?»

«አታውቀውማ! ሂድና ለሮይስ፣ የሞተ ወንድም መፍጠር ካማረው ከዚህ የተሻለ ይፍጠር በለው።»

ሰውዬው ከርከሮውን በሁለት እጁ ከማቆሚያው አነሳና አስፋልቱ ላይ ፈጠፈጠው። ክንፉ ወዲያ፣ ጅራቱ ወዲህ ሆነ። ሎሬታ ጮኸች። ሮይስ ጠረጴዛውን ዘሎ መጥቶ የሰውዬውን ኮሌታ አነቀ። ሁለት ዘበኞች ሲሮጡ ደረሱ። ከኋላቸው አንዲት ቀጭን ሴት፣ በአንድ እጇ የበረዶ ሻይ፣ በሌላው ትንሽ የልጅ ልጇን ይዛ እያለከለከች መጣች።

«ልቀቁት! እባካችሁ ልቀቁት! እንዳትመጣ ብዬው ነበር። ኬኒን ከቀበረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቦታ ረግጦ አያውቅም። ለዚህች ልጅ ብሎ ነው የመጣው።»

ሎሬታ ጎንበስ ብላ የተሰበረውን ጅራት አነሳች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እሱ ነው የሰበረው?» አለ አንዱ ዘበኛ።

«እሱ ነው!» አለ ሮይስ። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ውሰዱልኝ!»

«እኔ ነኝ» አለች ሎሬታ። «ሳነሳው አመለጠኝ።»

ሮይስ አፉን ከፍቶ አያት። «አንቺ ቀጣፊ! በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት?»

«እኔ ነኝ አልኩ። ሰውዬውን ልቀቀው።»

ዘበኞቹ እርስ በርስ ተያይተው ሰውዬውን ለቀቁት። ኦሪን ኮሌታውን አስተካከለና ሎሬታን አያት። «ውለታሽን የጠየቀ የለም» አላትና የልጅቱን እጅ ይዞ ሄደ።

ስብርባሪውን መኪናው ላይ ሲጭኑ ሮይስ ጀመራት። «የስንት ወር ልፋት ለአንድ ወፈፌ አሳልፈሽ ሰጠሽ! ዴንዚል ይሄን ቢያይ ምን ይል ነበር?»

«ያስቆጣሁት እኔ ነኝ። አንተ የላክኸው መስሎኝ ሰደብኩት።»

«እኔ?» ሮይስ በእጁ የያዘውን ክንፍ አስቀመጠ። «እኔ የሞተ ሰው ስም አስይዤ ሰው ልልክብሽ? ይሄን ያህል ክፉ ነው የምመስልሽ?»

አይደለም ብትለው ምናልባት ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። እሷም ይሄን አላጣችውም። የሰለቻት ግን ውሸት ነበር፤ ለዘበኞቹ የዋሸችው ለዚያ ቀን በቅቷታል።

«አዎ» አለችው። «ይሄን ያህል ክፉ ነው የምትመስለኝ።»

ሮይስ ያን ቀን ሲሳደብ አልተሰማም። በሳምንቱ ጠበቃ ያዘ። ወርክሾፑ ለሁለት ተከፈለ፤ እሱ ማሽኖቹንና አውራ ድመቱን ይዞ ወጣ፤ እሷ ቤቱንና የከርከሮውን ንድፍ ይዛ ቀረች። ኢግናሲዮም ሮይስን ሳይከተል እሷ ጋ መሥራቱን ቀጠለ።

ሎሬታ የኦሪንን ቤት አፈላልጋ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ቤንሰን የምትባል ከተማ ድረስ ነዳች። ኦሪን የዝንብ መከላከያውን የወንፊት በር ሳይከፍት ከውስጥ ቆሞ አናገራት።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች።

«እሺ፣ ጠየቅሽ።»

«ሌላም ነገር ነበር። ከርከሮውን ልሥራው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው። እርስዎ አይሠራ ካሉኝ...»

«አየሽ፣ ይሄ ነው ደሜን የሚያፈላው!» አለ ኦሪን። «ብትሠሪው ሥሪው፤ ባትሠሪው ተይው። እኔን ግን መርቀህ ሸኘኝ አትበይኝ። ሸክምሽን ደጄ ላይ ልታራግፊ ነው የመጣሽው?»

ዋናውን በር ዘጋው። ሎሬታ ደጁ ላይ ትንሽ ቆመች። የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር፤ ያባበለችው ራሷን ነው። እያለቀሰች አይደለም የተመለሰችው፤ ፊቷ እየጋለ ነው የተመለሰችው።

ከርከሮውን ሠራችው። ካርቶኑ ላይ ሊታተም የነበረውን «መልአክ» የሚለውን ቃል አወጣችው፤ የአውሮፕላኑ ስምና መጠኑ ብቻ ቀረ። ኢግናሲዮ «እንዲህ ራቁቱን ማን ይገዛዋል?» ብሎ ተከራከራት፤ አልሰማችውም። ያቺ ጸጉሯን ያሳጠረችው ሐኪም የመጀመሪያዋ ገዢ ሆነች። ሌሎቹ አንድ በአንድ ነው የመጡት፤ አብዛኞቹ ወታደር የነበሩ ናቸው፤ ካርቶኑን ሲቀበሉ ብዙ አይናገሩም።

በቀጣዩ ዓመት፣ የበጋው ሙቀት ሳይበርድ ሮይስ ስልክ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ደህና ነሽ ወይ የለ።

«ድመቴ አለቀች» አለ። «አንዲት አልቀረችም።»

«ሰምቻለሁ።»

«ያንቺውስ?»

«ግማሹ መደርደሪያ ላይ ነው።»

«ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረኸኝ ነበር» አለች ሎሬታ። «ልክ ነበርክ። ከኔ ይልቅ ገበያውን ታውቃለህ።»

ሎሬታ ከስልኩ ማዶ ትንፋሹን ሰማች። የትርኢቱን ቀን «አዎ» መልሳ እንድትውጠው እየጠበቀ እንደሆነ ገባት። «አይደለህም» የሚለው ቃል እምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ግን አልወጣ አላት።

«በይ እንግዲህ» አለ ሮይስ በመጨረሻ፤ ስልኩንም ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አንዳቸው ለሌላው ደውለው አያውቁም።