የበረንዳው አርማታ

"ያን ማሽን ከዚያ አንሳው!" አለች ሥርጉት መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማ።

ማደባለቂያው ስለሚጮህ ማንም አልሰማትም። ሠራተኛው የቫይብሬተሩን፣ የአርማታ መንዘሪያውን፣ አፍንጫ የበረንዳው እርጥብ አርማታ ውስጥ እንደሰካ ቆሟል። አርማታው ይንቀጠቀጣል፤ ላዩ ለስልሶ ያብረቀርቃል።

የቤቷ ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል አርማታ፣ የሚሞላበት ቀን ነው። የሶሌታው በግ ከማለዳ ታርዷል። ሥርጉት ግን ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ የሚታያት ፍርስራሽ ነው። አርማታው ውስጥ ቀጫጭን የብረት ክሮች እንዲጨመሩ ያሳመነቻት ልጇ ጽናት ናት፤ ምህንድስና ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም። "በየአቅጣጫው ከተበተኑ፣ ስንጥቅ ከየትም ቢመጣ ይይዙታል" ብላታለች።

አሁን ጽናት ጎንበስ ብላ የበረንዳውን አርማታ በጓንቷ ጫረችው። ላዩ ላይ አንድም ክር የለም። እጇን ጠለቅ ስታደርግ ሁሉም ከሥር ተጋድመዋል።

"ምን ሆነ?"

"ቫይብሬተሩ ብዙ ስለነዘረው ክሮቹ ወደ ታች ወርደዋል፣ እማ። በረንዳ ደግሞ የሚሰነጠቀው ከላይ ነው።"

"ይወድቃል?"

"ፌሮ አለው እኮ። ላይወድቅ ይችላል።"

ሥርጉት ከበረንዳው ሥር የሚያልፉትን የጎረቤት ልጆች አሰበች።

ፎርማኑ ቢያዝን መጣ። "ምን ተገኘ፣ እትዬ?"

ጽናት የጫረችውን አርማታ መልሳ ደለደለች።

"ኢንጂነሯ ክር ጠፍቶባት ነው" አለ አንዱ ከኋላ፤ "መርፌም ፈልጉላት።" ሠራተኞቹ ሳቁ።

ቢያዝን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የጦሳን ተራራ ይዩት፣ ዝናቡ ደርሷል። ደግሞስ በመጀመሪያ ሥራዋ የተሞላውን አርማታ አስዛቀች ከተባለ፣ ደሴ ላይ ማን ያሠራታል?"

ሥርጉት ልጇን አየቻት። ጽናት ጆሮዋ ቀልቶ፣ ጓንቷን በሱሪዋ ትጠርጋለች። ሥርጉት ይህን መልኳን ታውቀዋለች፤ ልክ መሆኗን እያወቀች ነገሩን ልትውጠው ነው።

"የበረንዳው ይዛቅ" አለች ሥርጉት። "ያልኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ምን አይተው ነው?"

"ምንም። ፈራሁ። ፈሪ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለጠየቀህ ሁሉ፣ እናትየዋ ናት ያስቸገረችን በል።"

"እማ፣ እኔ እኮ..." ጽናት ቀና አለች።

ሥርጉት ካጠገቧ ካለው ሠራተኛ እጅ አካፋውን ተቀበለች፤ ለልጇ ዘረጋችላት።

"አንቺ ዝቂ" አለቻት።