ሱቁ እንዲቀርልን

ከሕንፃችን ሥር ያለው የምግብ ሱቅ በወሩ መጨረሻ ሊዘጋ ነው የተባለ ዕለት አክስቴ ወሬውን ከልጇ ደበቀችው። ልጇ ግን ከማን እንደሰማች እንጃ፣ በማግስቱ ደወለች። «እንግዲህ ሱቁ ከተዘጋ እኛ ጋ ትመጫለሽ። ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ» አለቻት።

አክስቴ ጉልበቷን ያማታል። በየቀኑ አሥራ ሁለት ደረጃ ወርዳ፣ ዳቦና ሽንኩርቷን ይዛ፣ አሥራ ሁለቱን መልሳ ትወጣለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ከሰፊው መንገድ ማዶ ነው፤ ለመሻገር በእግረኛው ድልድይ መውጣት ያስፈልጋል። የድልድዩ ደረጃ አርባ አራት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አብሬያት ስለምኖር «እኔ ገዝቼ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

«አንተ የምታመጣውን ሽንኩርት አይቼዋለሁ» አለችኝ። «ደግሞስ ሰው እያመጣልኝ ከሆነ የምበላው፣ ልጄ ቤት ብሄድ ምን ለየኝ? እዚያ ክፉ ሰው የለም። ግን ጨው እንኳ ለክተው ነው የሚሰጡኝ። እዚህ የሚገድለኝ የራሴ ጨው ነው።»

ባለሱቁ ሽማግሌ የሚዘጉት ስለደከማቸው ነው። የሕንፃው ባለቤት በቦታው ማንን እንደምታስገባ ገና አልወሰነችም ተባለ፤ ነዋሪው ተሰብስቦ ደብዳቤ ይጻፍላት አለ። እኔ አንድ ገጽ ተኩል ረቂቅ ይዤ ነበር። ጡረታ የወጡት የቋንቋ መምህር ረቂቄን ተቀብለው ገለባበጡት።

«ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ የመመረቂያ ጽሑፍ? ሴትዮዋ ሥራ አላት። አጠር ይበል።»

አጠር አደረጉት። «እኛ የሕንፃው ነዋሪዎች የምግብ ሱቁ እንዲቀርልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ስልሳ ሦስት ሰው ፈረመበት።

መልሱ በአራተኛው ቀን መግቢያው በር ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ድምፅ አላት ተብሎ ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ እንድታነበው ተደረገ።

«ጥያቄያችሁ ደርሶኛል። ይህን ያህል ዓመት በዝምታ መቻላችሁን ሳስብ አፍሬያለሁ። በጠየቃችሁት መሠረት ሱቁ ይቀርላችኋል።»

«አላልኳችሁም?» አሉ መምህሩ።

«አልጨረስኩም» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ሌላ የምግብ ሱቅም ዳግመኛ አላስገባም። በቦታው ጂም ይከፈታል። ውሉን ሐሙስ ጠዋት እንፈራረማለን።»

ደረጃው ሥር የቆምን ሁሉ ዞረን መምህሩን አየናቸው።

«ቀረ ማለት ሳይሄድ ቆየ ማለት ነው» አሉ። «ቤት ቀረ አይባልም?»

«ይባላል» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ለሠርጌ የጠራሁት ዘፋኝም ቀርቷል። የት እንደቆየ እስከ ዛሬ አላወቅንም።»

«ያ ሌላ ቀረ ነው።»

«ሴትዮዋ የያዘችው እሱን ነዋ፣ ጋሼ።»

«ስልሳ ሦስታችሁም አንብባችሁ ነው የፈረማችሁት» አሉ መምህሩ። እውነታቸውን ነበር። እኔም አንብቤያለሁ፤ የምፈልገውን አስቀድሜ ስለማውቅ ወረቀቱ ላይ ያገኘሁትም እሱኑ ነው።

መምህሩ ሁለተኛ ደብዳቤ፣ ይሄኛው ከነማብራሪያው፣ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤው ገና ሦስተኛ ገጹ ላይ እንዳለ አክስቴ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የውጪ ጫማዋን አደረገች። «ተነስ፣ እንሂድ» አለችኝ።

የሕንፃው ባለቤት ቢሮ ከኛ ኋላ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አክስቴ ወረቀቱን አየችው፣ ደረጃውን አየችው፣ ከዚያ የብረቱን መደገፊያ ይዛ መውጣት ጀመረች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እኔ ሮጬ ወጣሁ።

የሕንፃው ባለቤት ሰው የወደቀ መስሏት እየተንደረደረች ወረደች። ውሉን ሊፈርሙ የመጡት ሁለቱ የጂሙ ወንድማማቾች፣ አንገታቸው ከጭንቅላታቸው የሚሰፋ፣ ተከተሏት።

«እማማ፣ ምነው ሳይደውሉልኝ?»

«ደብዳቤ ብለን ያደረግነውን አየሽው አይደል፣ ልጄ? እኛ ሱቁን የጠየቅንሽ እንዲኖር ነው።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እየተናደደች መለየት አልቻልኩም። «እኔ እኮ አምስት ጊዜ ነው ያነበብኩት» አለች። «ግን እማማ፣ ሽማግሌው ይዘጋሉ። ሱቅ እከፍታለሁ ያለኝ ሌላ ሰው የለም። ቤቱን ባዶ ልያዘው?»

ይህ ጥያቄ አንድ ገጽ ተኩል ረቂቄ ውስጥ መልስ አልነበረውም። ሱቅ እንጂ ባለሱቅ አልጠየቅንም።

«ሚዛኗስ?» አለች አክስቴ።

«የምን ሚዛን?»

«ሱቁ ውስጥ የምትሠራዋ። ስኳሩን በእጇ ይዛ ከሚዛኑ በፊት ኪሎውን ስለምትነግርሽ ነው ሚዛኗ የምንላት። አሥራ አንድ ዓመት ሱቁን የያዘችው እሷ ናት፤ ሽማግሌውማ ጋዜጣ ነው የሚያነቡት። ትናንት ጠየቅኳት። ‹እስካሁን ማን ጠየቀኝ?› አለች። ቤቱ በሙሉ ይበዛብኛል፣ ወደ መንገዱ ያለው ፊቱ ብቻ ይበቃኛል ነው ያለችው።»

እውነትም ከአክስቴ በፊት ሚዛኗን ማንም ምንም አልጠየቃትም፤ አስፈርመናት ግን ነበር። አርባ አንደኛዋ ፊርማ የእሷ ናት።

ከወንድማማቾቹ ታላቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «የፊቱን ግን እኛ ለመስታወት ነበር ያሰብነው።»

«ኋላ ሆናችሁ ተያዩ» አለች አክስቴ።

ሴትዮዋ ከአክስቴ ጎን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፊቱን ለሚዛኗ፣ ኋላውን ለጂሙ፣ ለስድስት ወር ሙከራ እንድትሰጥ ወሰነች። ሚዛኗ ካልሆነላት ሁሉም የጂሙ ይሆናል። ወንድማማቾቹ ተያይተው ተስማሙ፤ ታናሹ ግን መስታወቱን ለመርሳት ጊዜ ወሰደበት።

የቀረው አክስቴን ማውረድ ነበር። ልትነሳ ብትሞክርም ጉልበቷ እምቢ አላት። ወንድማማቾቹ ከቢሮው ወንበር አምጥተው አስቀመጧትና አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው አነሷት። ከመሬት ከፍ እንዳለች ስልኳን አውጥታ ለልጇ ደወለች።

«አልመጣም» አለቻት። «ስድስት ወር የራሴ ነኝ... ደረጃ ላይ ነኝ... ኧረ እኔ አይደለሁም የማለከልከው፣ የተሸከሙኝ ናቸው... አልታመምኩም አልኩሽ። የጂም ሰዎች ናቸው... እሱን ማታ እነግርሻለሁ፣ አሁን መታጠፊያው ላይ ደርሰናል።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ፊት አዘነበለች።

«አንተ፣ ከፊት ያለኸው» አለች። «ወገብህን አይደለም፣ ጉልበትህን ነው የምታጥፈው። ማን ነው ያሠለጠነህ?»